«ሥራህ እንከን የለውም፤ አብረንህ ግን አንኖርም»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ29 ዓመት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት በቆላማ አካባቢዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውኃ ፓምፖችን ይተክላል። በሚቀጥለው ወር አምስት ሰዎች ለስድስት ወር ወደ መስክ ይወጣሉ፤ እኔ ቀርቻለሁ። አለቃዬን ብጠይቀው ‹ሥራህ እንከን የለውም፤ ልጆቹ ግን ስድስት ወር ከአንተ ጋር አንድ ቤት መኖር አንችልም ብለዋል› አለኝ። ከተመረጡት መካከል በእውቀት የሚደርስብኝ የለም፤ ይህን እነሱም አይክዱም። ባለፈው ዓመት አንዱ ባልደረባዬ የገጠመው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ሽቦው ተሳስቶ ስላገኘሁት፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ ብቻዬን ተነስቼ አስተካከልኩለት። ያመሰግነኛል ስል ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። እኔ በዕቅድ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ዕቅድ ሲቀያየር መናደዴንም አልደብቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ጠፈር ጉዞ ማንበብ እወዳለሁ። ጠፈርተኛ የሚመረጠው በጭንቅላቱና በጤንነቱ ነው፤ ‹ጨዋታ ታውቃለህ ወይ› ተብሎ አይጠየቅም። ተበድያለሁ ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው? የቀረሁት፣ ከአዳማ»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩልህ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ጠፈርተኞችን ምስክር አድርገህ መጥራትህ አሳቀኝ፤ ቢጠሩ የሚመሰክሩት ለልጆቹ ነውና። አይዞህ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ልልህ አይደለም። እሱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትሰማ ኖረሃል፤ ብዙም እንዳልፈየደልህ ደብዳቤህ ይናገራል። አንተው በመረጥከው በጠፈሩ መንገድ እንሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጭንቅላት ብለሃል። ጭንቅላትማ ሞልቷል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ለ2017ቱ ምርጫ ማመልከቻ ሲቀበል ከ18,300 በላይ ሰው አመለከተ፤ የተወሰደው 12 ነው። ከቀሩት መካከል ሐኪሙ፣ አብራሪው፣ ተመራማሪው ስንት ነው! ትምህርትና ጤንነት በሩን ያስከፍታሉ እንጂ ወንበር አያሰጡም። ከመራጮቹ መካከል ደግሞ ራሳቸው ጠፈርተኞች ይቀመጣሉ፤ ነገ ከተመረጠው ሰው ጋር በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ወራት የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ያንተ ልጆች ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ከተመረጡ በኋላም አይለቀቁም። ናሳ ድንኳንና ስንቅ አሸክሞ ወደ ምድረ በዳ ይልካቸዋል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ከ2011 ጀምሮ ከየአገሩ የመጡ ጠፈርተኞችን እንደ ሰርዲንያ ደሴት ባሉ ቦታዎች ዋሻ ውስጥ ለቀናት አስገብቶ አሠልጥኗል። ፍሎሪዳ አጠገብ፣ ከባሕሩ ገጽ 19 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በተተከለ ቤተ ሙከራ ውስጥ የኖሩም አሉ። እዚያ የሚማሩት ስለ ሮኬት አይደለም። ብርዱና እርጥበቱ ሲበዛ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ ማን እንደሚነጫነጭ፣ ማን ሳይታዘዝ ድስቱን እንደሚያጥብ ይታያል። በምድረ በዳው ጉዞ መሪነቱ በየቀኑ ይዞራል፤ ትናንት ያዘዘው ዛሬ ይታዘዛል። በጠፈርተኞቹ ሥልጠና ውስጥ መመራት እንደ መምራት ሁሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በደብዳቤህ ውስጥ አንተ ሰው ስትከተል አንድም ቦታ አላየሁም።

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የምወደው ታሪክ የስካይላብ ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1973 ጄራልድ ካር፣ ኤድዋርድ ጊብሰንና ዊልያም ፖግ ወደ ስካይላብ የጠፈር ጣቢያ ተጓዙ። ለሦስቱም የመጀመሪያ በረራቸው ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ፖግን አቅለሸለሸውና አስመለሰው። ክብደት ሲጠፋ ማቅለሽለሽ የብዙ ጠፈርተኞች ዕጣ ነው፤ ነውር የለውም። ሦስቱ ግን ተማከሩ። ለምድር ባንናገርስ? ከረጢቱን ከቆሻሻው ጋር ብንጥለው ማን ያውቃል? «ሆድ ይፍጀው» ማለታቸው ነው። የረሱት ነገር ቢኖር ጣቢያው ውስጥ ንግግራቸውን የሚቀዳ ቴፕ መኖሩን ነው። ቅጂው ምድር ወረደ፣ ተሰማ። የጠፈርተኞቹ አለቃ የነበረው አላን ሼፐርድ በሬዲዮ ገሠጻቸው፤ ካርም የሞኝ ሥራ እንደሆነ አመነ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ምድር ላይ ያሉት ዕቅድ አውጪዎች ከእነሱ በፊት የነበረው ቡድን በመጨረሻ የደረሰበትን ፍጥነት መነሻ አድርገው ለእነዚህ ጀማሪዎች የሥራ ሰሌዳ አዘጋጁ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ደቂቃ የለም፤ ዕቃው የት እንደተቀመጠ ለመልመድም ፋታ አልተሰጠም። ቸኮሉ፤ ሲቸኩሉ ተሳሳቱ፤ ሲሳሳቱ ወደ ኋላ ቀሩ፤ የቀረባቸውን ለመሙላት ከእረፍታቸው ቆረሱ። ምድር ይወተውታል፣ እነሱ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሠራሉ። አንድ ጊዜ ተገሥጸዋልና «በዛብን» ማለት ሳይከብዳቸው አልቀረም። ስድስት ሳምንት ያህል በዚህ ሁኔታ አለፈ። በዲሴምበር መጨረሻ ካር «የት ላይ ነን?» ብሎ በግልጽ ጠየቀ፤ ሁለቱም ወገን የሆዱን አወጣ። ከዚያ በኋላ በምግብና በስፖርት ሰዓታቸው መሐል እየገቡ ማዘዝ ቀረ። ማታው የራሳቸው ሆነ። የተወሰነ ሰዓት የማይጠይቀው ተራ ሥራ በዝርዝር ተሰጥቷቸው በሚመቻቸው ጊዜ ይሠሩት ጀመር። በ84 ቀን፣ በዚያን ጊዜ ማንም ባልደረሰበት ቆይታ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ሁሉ አካክሰው ተመለሱ። የሦስቱ ሰዎች ጭንቅላት እኮ በኖቬምበርም በጃንዋሪም ያው ነው።

ስለ እነሱ «ጠፈር ላይ ሥራ አቁመው አመፁ» የሚል ነገር አንብበህ ይሆናል። ወሬ ነው። ሰው ተነጋግሮ መስማማትን ከማውራት አመፅን ማውራት ይጣፍጠዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ዋልተር ሺራን ውሰድ። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠፈር ፕሮግራሞች፣ በሜርኩሪም፣ በጄሚኒም፣ በአፖሎም የበረረ ብቸኛው ሰው ነው፤ ከእሱ የበለጠ ልምድ ከየት ይመጣል? በኦክቶበር 1968 በአፖሎ 7 ሁለት ባልደረቦቹን ይዞ 11 ቀን ሲዞር ጉንፋን ያዘው። በቴሌቪዥን ሥርጭቱ ተጨቃጨቀ፣ በምግቡ አጉረመረመ፣ ሲመለሱም ጆሮዬን ይጎዳኛል ብሎ የራስ ቁር አላደርግም አለ። ባልደረቦቹም ተከተሉት። በረራው የታሰበለትን ሁሉ አሳክቷል። ሺራ ጡረታ እንደሚወጣ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ ግን ገና ብዙ ዓመት ከፊታቸው ነበር፤ ዳግመኛ አልበረሩም። ሥራቸውን ያለ እንከን ሠርተው የቀሩ ሰዎች ከአንተ በፊትም ነበሩ።

አሁን ወደ ሌሊቱ ሽቦ እንምጣ። ከደብዳቤህ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

አፖሎ 13ን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። በኤፕሪል 1970 ወደ ጨረቃ ሲሄዱ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ፤ ሦስቱ ሰዎች ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ቀን ያህል የተሠራችውን የጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩር መጠለያ አድርገው አራት ቀን ቆዩባት። ፊልም ሠሪው የሚወደው ያንን ነው። እኔ የምወደው ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። የመመለሻው ቀን፣ ጃክ ስዋይገርት ብቻውን ወደ ምድር በሚያወርዳቸው የማዘዣ ክፍል ተቀምጧል፤ ጂም ላቨልና ፍሬድ ሄይዝ በማረፊያዋ መንኮራኩር ውስጥ ናቸው። የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ የሚጥል ማብሪያ አለ። ሌላ ማብሪያ ደግሞ አለ፤ እሱ ከተነካ ተቆርጠው የሚሄዱት ሁለቱ ጓደኞቹ ናቸው። ስዋይገርት ያን የማዘዣ ክፍል አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ብልሽት ሲገጥም ምን እንደሚደረግ የሚገልጸውን መመሪያ ሲያዘጋጁ ከነበሩት አንዱ ነው። ግን ለቀናት በቅጡ አልተኛም፤ በርዶታል። ስለዚህ ወረቀት ቀደደ፣ «አይ» የሚል ቃል ጻፈበት፣ መነካት በሌለበት ማብሪያ ላይ በፕላስተር ለጠፈው።

የገዛ እጁን ተጠራጠረ ማለት ነው። አንተ ሌሊት ተነስተህ የሰው ሳጥን ስትከፍት ምን ምልክት ትተህ ነበር? ልጁ ማለዳ ተነስቶ «ትናንት እንደተውኩት ነው» ብሎ ማብሪያውን ቢጫንስ? መሐንዲሱ አንተ ነህ፤ ከዚያ በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል ከእኔ በተሻለ ታውቃለህ። ሽቦው እንዳልከው ተሳስቶ ይሆናል፤ አምንሃለሁ። ግን ልጁ ያኮረፈው ክብሩ ስለተነካ ብቻ መስሎህ ከሆነ አይደለም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንተ ባለህበት ቤት ማታ የተወው ነገር እንደተወው እንደማያድር አውቋል። አሁን ደግሞ ስድስት ወር አብረኸው እደር ተባለ።

ቀስቅሰኸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለአምስት ደቂቃ ይነጫነጭብህ ነበር። ከዚያ አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ሌላው ሽቦ እየፈታ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ዕቅድ ሲቀየር መናደድህን እንደማትደብቅ የጻፍከው እንደ በጎ ጠባይ ነው። ጁን 5 ቀን 2024 ሱኒታ ዊልያምስና ቡች ዊልሞር ለስምንት ቀን ያህል ብለው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሄዱ። ከመነሳታቸው በፊት ጣቢያው ላይ ሽንት አጣርቶ ውኃ የሚያደርገው መሣሪያ ፓምፑ ተበላሸና አዲሱ ፓምፕ በእነሱ መንኮራኩር እንዲጫን ተወሰነ። ቦታ የለቀቀለት ሻንጣቸው ነው። ልብሳቸውን ምድር ትተው፣ እዚያ የተቀመጠውን መጠባበቂያ ልብስ ለብሰው ሥራ ጀመሩ። ከዚያ የመንኮራኩራቸው ግፊት ሞተሮች አስቸገሩ፣ ሂሊየምም ያፈስ ነበር፤ ሰው ይዛ መመለሷ አደጋ ነው ተባለና በሴፕቴምበር ባዶዋን ተመለሰች። እነሱ የቆዩት 286 ቀን ነው። እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው አልተቀመጡም፤ የጣቢያው ሠራተኞች ሆኑ፣ ዊልያምስም የጣቢያው አዛዥ ሆነች። ማታ በየመኝታቸው ተናደው ይሆናል፤ ሰው ናቸው። የአንተን ንዴት ግን ከአንተ ይልቅ የሚሸከሙት አጠገብህ ያሉት አራቱ ናቸው።

«ቅድም መደበቅ መጥፎ ነው አልሽ፣ አሁን ደብቅ ትይኛለሽ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ካር በዲሴምበር የተናገረው «ሥራው ይህን ያህል በዝቷል፣ እንዲህ ቢሆን ይሻላል» ዓይነት ነው። መሣሪያ ወርውሮ በር ዘግቶ መውጣት ሌላ ነው።

እውቀት ከሰው ጋር ሲገጥም ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ ደግሞ ማይክል ፎል አለልህ። በካምብሪጅ በአስትሮፊዚክስ ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነው፤ ሩሲያኛ ተምሮ ከሁለት ሩሲያውያን ጋር ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ላይ ይኖር ነበር። ጁን 25 ቀን 1997 የጭነት መንኮራኩር መጥታ ጣቢያውን መታችው፤ የተቀደደው ክፍል የፎል መኝታ ነው። አየሩ እንዳያልቅ ሩሲያዊው ላዙትኪን በበሩ ያለፉትን ገመዶች ቆራረጠ፣ ፎልም አብሮት በሩን ዘጉት፤ የፎል የግል ዕቃ እዚያው ቀረ። ጣቢያው መሽከርከር ጀመረ፣ ኃይሉም ተዳከመ። ፎል መስኮቱ ዘንድ ሄዶ አውራ ጣቱን ዘረጋ፤ ከዋክብቱ በጣቱ በኩል ሲያልፉ እያየ የሽክርክሪቱን ፍጥነት ገመተና ለምድር እንዲነገር አደረገ። በዚያ ግምት ሞተሮቹን አስነስተው ሽክርክሪቱን ገቱት። ጭንቅላት ብለህ ከሆነ ይኸውልህ ጭንቅላት! በዚያች ሰዓት በሁለቱ ዘንድ የሚታመን ሰው መሆኑ ግን በአውራ ጣት አይገኝም፤ ከብዙ ሳምንታት በፊት ማዕድ ላይ የተሠራ ነው።

ስለ ማዕድ ካነሳሁ የራሴንም ልናዘዝ። በወጣትነቴ ገጠር ከተማ ውስጥ ሦስት መምህራን አንድ ቤት ተከራይተን ነበር። ውኃ ከቦኖ በተራ እናመጣለን። አንድ እሑድ ከሦስታችን አንዷ በመጨረሻው ውኃ ፀጉሯን ታጠበች። ሁለቱ ምንም አልተናገሩም፤ ፊታቸውን ብቻ አጠቆሩባት። በወሩ በየጀሪካናችን ላይ ስማችን ተጻፈ። በሁለተኛው ወር በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ምድጃ ይነድድ ጀመር። አንደኛዋ ዝውውር አግኝታ እስክትሄድ ድረስ ስለዚያ ውኃ አንድም ቃል አልተነገረም። ፀጉሯን የታጠበችው እኔ ነኝ።

አለቃህም አልተመቸኝም። ይህን ሁሉ ጊዜ አብረህ ስትሠራ ማንም አስቀምጦ «ይህ ጠባይህ ሰው እያራቀ ነው» ካላለህ፣ ወሬውን በመጨረሻው ቀን ብቻ ማምጣት አመራር አይባልም። ጠፈርተኞች ከየልምምዱ በኋላ ተቀምጠው ምን እንደተበላሸ ይነጋገራሉ፤ ተሳስቻለሁ ያለ ሰው ስህተቱን ራሱ ይዘረዝራል። ለአለቃህ ይህን ልትነግረው ትችላለህ፤ ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ብትናገረው ክርክር ይመስልብሃል።

ስለ መቅረትም አንድ ሰው ላስታውስህ። ኬን ማቲንግሊ ለአፖሎ 13 ሲዘጋጅ ከርሞ፣ ከጓደኞቻቸው አንዱ «የጀርመን ኩፍኝ» በሚባለው በሽታ ስለተያዘና እሱ በሽታውን የሚከላከል አቅም በደሙ ስላልተገኘ፣ ሊነሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በስዋይገርት ተተካ። አልታመመም። አደጋው ሲደርስ ግን ምድር ላይ ሆኖ፣ የቀዘቀዘውን የማዘዣ ክፍል በቀረችው ጥቂት ኃይል እንዴት መልሰው እንደሚያስነሱት ከሚሞክሩት ሰዎች ጋር ሌት ተቀን ሠራ። በእሱ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው ያንን መመሪያ በሬዲዮ እየሰማ የጻፈው። ማቲንግሊ በ1972 በአፖሎ 16 ወደ ጨረቃ ሄደ። እሱ የቀረው በጥፋቱ አይደለም፤ አንተ ግን ከፊሉ ያንተ ነው፤ ይህን ሳልነግርህ ባልፍ አታለልኩህ።

ቡድኑ እስኪወጣ ሳምንታት አሉህ። የሚጭኑትን ዕቃ አብረህ ቁጠር፤ የሽቦውን ንድፍ ካንተ በተሻለ የሚያነብ ከሌለ አጠገባቸው ሆነህ አንብብላቸው፤ መስክ ላይ ሲቸገሩ የሚደውሉለት ሰው ሁን፤ ከደወሉም «ብለኋችሁ ነበር» አትበል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያን ልጅ ፈልገው። ሻይ ልጋብዝህ ብለህ ነገሩን አታክብደው፤ ሥራ ላይ እንዳላችሁ ብቻውን ስታገኘው «ያን ሌሊት ሳልነግርህ ሳጥንህን መክፈቴ ስህተት ነበር» በለው። እዚያ ላይ አቁም። «ሽቦው ግን…» ለማለት ምላስህን ይበላሃል፤ ዋጠው። ከዚያ እሱ ይናገር፤ ሁለት ደቂቃም ይፍጅ ሃያ አታቋርጠው። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ፤ እኔም የዚያችን በዝውውር የሄደች መምህርት ስልክ እያፈላለግሁ ነው።